ቅዱሳን በግድግዳ፣ በዓላት በሳህን

ባለፈው ወር በካቶሊክ ተማሪዎች ስብሰባችን ላይ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ሲነበብ ያልነበራችሁ ካላችሁ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በዓመቱ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትነው የሚውሉትን የቅዱሳን በዓላት ማክበር ይቅር፤ በምትኩ በዓመት አንድ እሑድ አዳራሽ ይያዝ፤ ንግግር ይደረግ፤ ኬክ ይቆረስ፤ ሥዕል የታተመበት ካናቴራ ይታደል፤ ስሙም «የቅዱሳን ቀን» ይባል። ጊዜ ይቆጥባል፣ ወጪ ይቀንሳል፣ ለፈተናም አያውክም ተባለ። እጁን ለማውጣት የቸኮለው ሰው ብዛት ገረመን። ሰዓቱ መሽቶ ካፌው ሊዘጋ ባይሆን ኖሮ እዚያው ጸድቆ ነበር። ለሚቀጥለው ስብሰባ ያደረው በእራት ምክንያት ነው እንጂ በክርክር አይደለም።

እኛ ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። ከዚህ በታች ያለውን ሰው ለማስቀየም አልጻፍነውም፤ የሚቀየም ካለ ግን ምን እናድርግ። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እናስቀምጣለን፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ መዝገብ አብዛኛው በዚያው ስለሆነ ነው።)

ሐሳቡን የደገፉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ የሚያስቀውም በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙ መሆናቸው ነው። አንደኛው ተራማጅ ነኝ ባይ ነው። ለርሱ በዓል ማለት የባከነ የሥራ ቀን፣ ቅዱስ ማለት የአሮጊቶች ተረት ነው። ሁለተኛው መንፈሳዊ ነኝ ባይ ነው። ለርሱ ደግሞ እምነት በልብ ውስጥ የሚሰማ ነገር ነው፤ ቀን መቁጠር፣ መጾም፣ ንፍሮ መቀቀል፣ ዳቦ መቁረስ የባላገር ነገር ነው። አንደኛው በዓሉን የሚንቀው ጥቅም የለውም ብሎ፣ ሁለተኛው የሚንቀው ምግብና ድስት በዛበት ብሎ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጃቸውን አብረው አወጡ።

በተራማጁ እንጀምር፤ ክሱ የቆየ ነው፣ ክብደትም አለው። ገበሬው በወር ውስጥ ብዙውን ቀን በዓል ነው እያለ ቀንበር አያነሣም፤ ዝናቡ ግን የማንንም ስም አይጠይቅም፤ ያልፋል። ይህ ውሸት ነው አንልም። የማይታረስበት ቀን በብዙ ገጠር ከልክ ማለፉን ቀሳውስቱ ራሳቸው ያውቁታል። ነገር ግን ለገበሬው የሥራ ቀን የሚቆረቆረው ማነው ብለን ዞር ስንል፣ ሰኞን ሙሉ በእሑድ ቢራ ራስ ምታት የሚያሳልፍ፣ የጠዋቱን ክፍል ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ የሚጨርስ ወንድማችንን እናገኘዋለን። የሥራ ሰዓት የሚያሳስበው የገበሬው ሲሆን ብቻ ነው እንዴ?

ደግሞስ በዓል ከመነሻው ለማን ነው የቆመው? ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23ን ገልጣችሁ ተመልከቱ። የሰባተኛውን ቀን ዕረፍት ምክንያት ሲሰጥ የሚጠራው ካህኑን ወይም ባለጸጋውን አይደለም፤ በሬውን፣ አህያውን፣ የባሪያይቱን ልጅና መጻተኛውን ነው። ጌታው «ዛሬ ውጣና ሥራ» ለማለት የማይችልበት ቀን መኖር ለድኻ ትልቅ ነገር ነበር። ሌላ ሕግ የሌለው ሰው «ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው» ብሎ እምቢ ማለት ይችል ነበር። የሠራተኛ ማኅበር፣ የዓመት ፈቃድ፣ የስምንት ሰዓት ሥራ ሳይታወቅ የድኻ ጠበቃ የቀን መቁጠሪያው ነበር። ይህንንም ቤተ ክርስቲያኒቱ አልረሳችውም። የዓለም ሠራተኞች ከ1890 ጀምሮ ያከብሩት የነበረውን ሜይ 1 ቀን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1955 የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ብለው ደነገጉ። ሠራተኛው አናጢ የራሱ ቀን ይኑረው ማለታቸው ነው። ቀን ይቀነስ ባዮች ይህንንም ከአዳራሹ ኬክ ጋር ሊቆርሱት ነው።

እስከዚህ ድረስ ተራማጁን ተቃውመናል። አሁን ደግሞ እርሱ ያላነሣውን፣ ቢያነሣው ኖሮ ግን አፋችንን ሊያዘጋን ይችል የነበረውን ክስ ራሳችን እናንሣው።

ለመሆኑ በበዓል ቀን የሚያርፈው ማነው?

የገና ዋዜማ ማታ አንድ ቤት ግቡና ተመልከቱ። አባት ጋቢውን ተከናንቦ ሬዲዮ ይሰማል። ወንዶቹ ልጆች፣ ማለትም እኛ፣ ከዩኒቨርሲቲ መጥተናል፤ ደክሞናል፤ ሶፋ ላይ ነን። ወጥ ቤት ውስጥ እናት ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ላይ ናት። ዶሮው መበለት አለበት፤ አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ካልወጣ ስም ይጠፋል። ዳቦው መጋገር አለበት፤ ጠላው መጠለል አለበት፤ ቡናው ሦስቴ መፈላት አለበት። ከእናት ኋላ ደግሞ አንዲት ልጅ አለች፤ ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋን በትክክል የማታውቀው፣ «ነይ» እና «አምጪ» የሚባሉ ሁለት ስሞች ያሏት። ሌሊት ቅዳሴ ስንሄድ ቤት የምትጠብቀው እርሷ ናት። ከቅዳሴ ስንመለስ የተነሣው ድስት ከፊቷ ይቆለላል። «እንኳን አደረሳችሁ» እንባባላለን፤ እርሷን ግን በዓሉ የት አደረሳት?

ዘፀአት 23 ላይ የተጠራችው የባሪያይቱ ልጅ ይህችው ናት። በዓሉ የቆመው ለርሷ ሆኖ ሳለ በዓሉን የምትሸከመው እርሷ ሆናለች። ይህን ስንናገር ደግሞ የሚደግፈን ቅዱስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። በ13ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ሉካ በምትባል ከተማ ዚታ የምትባል አገልጋይ ነበረች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሰው ቤት ተቀጥራ እስክትሞት ድረስ፣ እስከ 1272፣ እዚያው ቤት ሠራች። በ1696 ቅድስት ተባለች። ገዳም አልገባችም፤ መጽሐፍ አልጻፈችም። ዳቦ ጋገረች፤ ከድርሻዋም ለድኻ ሰጠች። የቤት ሠራተኞች ሁሉ ጠባቂ ትባላለች። ከመካከላችን ስሟን የሰማ ስንት ነው? ቤታቸው ሠራተኛ ያለችስ?

እንግዲህ በዓሉ ይቅር የምንል ከሆነ ይህችን ልጅ ምንም አንጠቅማትም፤ እሑድም ሆነ ገና ድስቱ የርሷ ነው። በዓሉ እንደ ሕጉ ይከበር ካልን ግን እኛ ሶፋው ላይ መቀመጥ አንችልም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አዳራሹን የመረጡትም ይህን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለንም። አዳራሽ ውስጥ ኬኩ ታሽጎ ይመጣል፤ ማን እንደጋገረው አይጠየቅም።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ መንፈሳዊ ነኝ ባዩ እንሻገር። «ቀን ምን ያደርጋል፤ እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው» ይላል። አባባሉ ያምራል። የአገራችን ታሪክ ግን በቀን ቀልደው የነበሩትን ሰዎች መጨረሻ ጽፎ አስቀምጦልናል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ እነዚያ ሰዎች የእኛው፣ የካቶሊኮቹ፣ መሆናቸው ነው።

ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። ትዕግሥተኛ ነበር፤ ቋንቋውን ተማረ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1622 ድረስ በዝግታ ሠራ። አፄ ሱስንዮስም ካቶሊክ ሆኑ። ከርሱ በኋላ በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ሜንዴዝ የተማረ ሰው ነበር፤ ትዕግሥት ግን አልነበረውም። የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና አስጠመቀ፤ ቄሶቹን እንደገና ካልሾምኩ አለ፤ የላቲኑን ሥርዓት ጫነ፤ ጾሙን፣ በዓሉን፣ የቀን አቆጣጠሩን ነካ። ገበሬው የኬልቄዶንን ጉባኤ አንቀጽ አላነበበም። ጾሙ የቱ ቀን እንደሚገባ፣ ቅዳሜ ምን እንደሆነች፣ ልጁ በማን ስም እንደተጠመቀ ግን ያውቅ ነበር። ያን ሲነኩበት ተነሣ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ ራሳቸው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑንም ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ የካቶሊክ ስም በዚህ አገር ለሁለት መቶ ዓመት የስድብ ቃል ሆኖ ቀረ። ዛሬም «የፈረንጅ ሃይማኖት» ሲሉን የምንሰማው ከዚያ የተረፈውን ነው።

እኛ ደግሞ አሁን የሜንዴዝን ሥራ ያለ ፓትርያርክ፣ ያለ ንጉሥ፣ በእጅ ማውጣት ልንጨርሰው ነው!

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 የመጡት ሰው ከሜንዴዝ የተማሩ ይመስላል። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን፣ አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸውን፣ ማለታችን ነው። እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሱ፤ እንደ አገሩ በሉ፤ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ፤ ግዕዝ አጠኑ። የአገሩ ልጅ በአገሩ ሥርዓት ካህን እንዲሆን ደከሙ። በ1975 ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ብለው ያወጇቸው በዚህ ነው እንጂ ካቴድራል ስላቆሙ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ የምሥራቅ ልጆች ሥርዓታቸውን ይጠብቁ፣ ከሥርዓታቸው የራቁም ወደ አባቶቻቸው ወግ ለመመለስ ይጣሩ ብሏል። ሮም «ጠብቁ» ትለናለች፤ እኛ «አይ፣ ለፈተና አይመችም» እንላለን።

ከሶዶ፣ ከሆሳዕና፣ ከመቂ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ይህ የግዕዞቹ ጉዳይ ነው፤ እኛ ላቲን ነን» እንዳትሉ። የላቲን ሥርዓት ራሱ ኖቬምበር 1 ቀን የቅዱሳን ሁሉ በዓል አለው፤ በዚያ ምክንያት ግን ሌሎቹን በዓላት አልሰረዘም። በ1969 የቀን መቁጠሪያው ሲሻሻል አንዳንዱ ቅዱስ ከጠቅላላው ሰሌዳ ወጥቶ ለየአገሩ ተተወ፤ ጊዮርጊስም እንኳ ለአክባሪው ፈቃድ የተተወ መታሰቢያ ሆነ። (ይህን ለአንድ የአራዳ ሰው ብትነግሩት ይስቅባችኋል።) ያን ጊዜም ቢሆን የተባለው እያንዳንዱ አገር የራሱን ቅዱሳን በራሱ ቀን ያክብር ነው። የእምድብር ልጆችን ደግሞ መስቀልን በአዳራሽ አክብሩ የሚላቸው ደፋር ካለ ቀርቦ ይንገራቸው፤ እኛ አንሞክረውም።

«ልብ ብቻ ይበቃል» ለሚለው አንድ ነገር እንጨምር። ፒዮስ 12ኛ ኖቬምበር 1 ቀን 1950 የእመቤታችንን በነፍስም በሥጋም ወደ ሰማይ መውጣት የእምነት አንቀጽ ብለው አወጁ። ነገሩን ያን ቀን አልፈጠሩትም። ምሥራቁም ምዕራቡም ለብዙ መቶ ዓመታት በዓል አድርጎ ሲያከብረው ኖሯል። በኛም አገር ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች፣ ገና ጥርሳቸው ያልበቀለ የሚባሉ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታን ሲጾሙ ኖረዋል። መጽሐፉ በኋላ መጣ፤ ቀኑ ቀደመ። ሕዝብ ያመነውን በጾምና በዳቦ አስቀምጦ ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል፤ ሊቃውንት ቆይተው ይጽፉታል። ቀኑን የሚጥል ሰው ጽሑፉን ምን ላይ ሊያቆመው ነው?

አሁን ወደ ቅዱሳኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የምንወቅሰው ሐሳቡን የተቃወሙትንም ጭምር ነው፤ ከነሱ ብዙዎቹ ቅዱሳንን የሚፈልጓቸው ለክታብነት ነውና። ፈተና ሲደርስ በመኝታ ክፍሎች ውስጥ የሚወጣው ሥዕል ብዛት ያስገርማል። ቅዱስ ዮሴፍ ዘኩፐርቲኖ የተፈታኞች ጠባቂ ነው፤ እንደሚተረከው የሚያውቀውን አንዱን ቦታ ብቻ ተጠይቆ አለፈ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም። ያው ሰው በቅሎ ሲጠብቅና ጋጣ ሲጠርግ እንደኖረ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ቅዱስ አንጦንዮስ ዘፓዱዋንም ተመልከቱ። እኛ ቁልፍ ሲጠፋን እንጠራዋለን። እርሱ ግን በዘመኑ አራጣ አበዳሪዎችን በስብከቱ ሲያንቀጠቅጥ የነበረ ሰው ነው፤ በ1231 የፓዱዋ ከተማ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ድኻ ያለውን ንብረት ካስረከበ እንዳይታሰር ሕግ ያወጣችው በርሱ ልመና ነው። ባለዕዳ ከእስር ያስፈታውን ቅዱስ የመሳቢያ ቁልፍ ፈላጊ አድርገን ቀጠርነው። ደመወዙም ሻማ ነው።

ቅዱሳን የፈረንጅ ናቸው፣ ለኛ አይሆኑም የሚለውም አለ። ለዚህ ወንድም አንድ ነገር እንንገረው። የኛው አፄ ካሌብ ኤልስባን በሚል ስም በሮም የሰማዕታት መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ፖርቱጋሎች በመርከብ ወደ ብራዚል ያጋዟቸው አፍሪካውያን ባሪያዎች በ18ኛው መቶ ዓመት በሪዮ ደ ጃኔሮ በዚህ ጥቁር ንጉሥ ስም ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ምን ይሠራ ነበር? ሙታኑን ይቀብር ነበር፤ የታመመውን ይረዳ ነበር፤ በዓሉን ያከብር ነበር። እድር ማለት አይደለምን? ጌታ የራሱ ንብረት ነህ ያለው ሰው በዓመት አንድ ቀን የንጉሥ ልጅ ሆኖ በአደባባይ ይሄድ ነበር። ያን ቀን ውሰዱበትና ምን ይቀረዋል?

አሁን ስለ አንድ ተማሪ። ፍሬዴሪክ ኦዛናም ይባላል፤ ፓሪስ ላይ ሕግ ያጠና ነበር። በተማሪዎች የክርክር ክበብ ውስጥ የዘመኑ ተራማጆች ክርስትና ድሮ ብዙ ሠርቶ ይሆናል፣ ዛሬ ግን እናንተ ምን ትሠራላችሁ እያሉ ያፋጥጡት ነበር። ኦዛናም መልስ አጣ፤ ማለት በአፍ የሚሆን መልስ አጣ። ኤፕሪል 23 ቀን 1833፣ ሃያ ዓመት በሞላው ዕለት፣ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ትንሽ ማኅበር አቆመ። ሲስተር ሮዛሊ ራንዱ የምትባል የድኾቹን ሠፈር በር በበር የምታውቅ መነኩሲት የሚጎበኙትን ቤት አሳየቻቸው። እንደሚተረከው የመጀመሪያው ሥራቸው ለክረምት ያስቀመጡትን ማገዶ ተሸክሞ ለችግረኛ ማድረስ ነበር። የማኅበራቸውን ስም በቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ሰየሙት፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ አለ። አቡነ ያዕቆብም የዚሁ የቪንሰንት የመንፈስ ልጅ ናቸው፤ ምጽዋ የገቡት ማገዶው ከተሸከመ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ኦዛናም በ1997 ብፁዕ ተባለ።

ልብ በሉ፤ ተራማጁ ጥያቄ ጠየቀ፣ ጥያቄውም ትክክል ነበር። እኛም ግቢ ውስጥ ያው ጥያቄ ሲጠየቅ የምንመልሰው በካናቴራ ነው።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልንስ? ጎጃም የተወለዱ፣ የመርጡለ ማርያም መነኩሴ፣ አንድ ዓይናቸው በልጅነት የጠፋ፣ ሁለተኛው ግን ከመጽሐፍ ተነሥቶ የማያውቅ ሊቅ ነበሩ። እውነቱ የት ነው ብለው ከገዳም ገዳም፣ ከጎንደር እስከ ግብፅና ሮም ተጓዙ። በ1844 ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኑ፤ በ1851 ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ክህነት ተቀበሉ። ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ካመኑበት አልወጣም ስላሉ በሰንሰለት ከጦር ሠራዊቱ ኋላ እየተጎተቱ በ1855 መንገድ ላይ አረፉ። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነበር። በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። እኚህ ሰው የኛ ናቸው፤ የምሁር ቅዱስ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የተማሪ ቅዱስ ናቸው። እስከ አርባና ሃምሳ ዓመታቸው ድረስ «አላወቅሁም፣ ልጠይቅ» እያሉ የዞሩ ሰው ናቸው። ለሳቸው መታሰቢያ የሚሆን አንድ ማታ፣ አንድ የግዕዝ ክርክር፣ አንድ ንባብ አዘጋጅተን እናውቃለን? የለም። የፕላስተር ሐውልት ግን ከኢጣልያ መጥቶ ቁምስናው ውስጥ ቆሟል፤ ሰማያዊ ዓይን ያለው።

የአቡነ ያዕቆብ መቃብር ሔቦ ነው፤ ኤርትራ ውስጥ። ልጆቻቸው ግን በድንበሩ በሁለቱም ወገን ናቸው፤ በዚህ በኩል ዓሊቴና፣ ኢሮብ፣ ዓዲግራት፣ ጓላ። በ1998 ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። በ2018 ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ተመልሶ ተዘጋ። በ2020 የጀመረው ጦርነት ደግሞ ያንኑ አገር ረመጥ አደረገው። ከዚያ የመጡ ልጆች ከኛ ጋር መኝታ ክፍል ውስጥ አሉ። በሐምሌ የቅዱሱ ቀን ሲደርስ ከነሱ አንዱን ጠርቶ «ቤተሰቦችህ እንዴት ናቸው? ማን ተረፈ?» ያለ አለ? ቀኑ የተቀመጠው ለዚህ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ የአዳራሽ ቀን ማንንም በስሙ አይጠራም፤ ሁሉንም ያመሰግናል፣ ይበተናል።

ሌላም ቀን አለ። ፌብሩዋሪ 8፣ ለእኛ የካቲት መባቻ። ጆሴፊን ባኪታ በዳርፉር ተወለደች፤ ገና ሕፃን ሳለች ፈንጋዮች ወሰዷት፤ ተሸጠች፤ ደግማ ተሸጠች፤ ገላዋን በምላጭ ተለተሉት። ባኪታ፣ ማለት ዕድለኛዪቱ፣ ያሏት ነጋዴዎቹ ናቸው፤ የራሷን ስም ከድንጋጤ ብዛት ረስታዋለች። አንድ የኢጣልያ ቆንስል ካርቱም ላይ ገዛት፤ ኢጣልያ ደረሰች። እመቤቷ ወደ ሱዳን ልመልስሽ ስትላት «አልሄድም» አለች፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1889 ቬኒስ ላይ ነፃ ሰው መሆኗ ተፈረደ። ከዚያ በኋላ መነኮሰች፤ ምግብ አበሰለች፤ በር ጠበቀች፤ በ1947 ዐረፈች። በ2000 ቅድስት ተባለች፤ ከ2015 ጀምሮ ቀኗ በሰው መነገድ ላይ የጸሎት ቀን ሆኗል።

እኅቶቻችን በጅቡቲና በየመን በረሃ፣ በቤይሩትና በሪያድ ወጥ ቤቶች ውስጥ ምን እንደሚያዩ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም። ከመካከላችን ታላቅ እኅቱ ዐረብ አገር ሠርታ በላከችው ብር የሚማር አለ፤ ስንት እንደሆነ እንኳ ተቆጥሮ አያውቅም። ፓስፖርቷ የተወሰደባት ልጅ ማን ነው ጠበቃዋ? ባኪታ ናት ካልን ቀኗ ሲደርስ ሥራ አለን። የሕግ ተማሪዎች አሉን፤ ዐረብኛ የሚችሉ አሉን፤ ሊሄዱ የተሰናዱ ልጆች በየሠፈራችን አሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ውላቸውን የሚያነብላቸው ሰው ቢያገኙ ምን ያህል ነገር ይለወጥ ነበር!

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አዳራሹ ይቅር። ለአዳራሹ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለባኪታ ቀን ይሁን፤ በቁምስናው ቅጥር ውስጥ ጠረጴዛ ይዘን የሥራ ውል የምናነብበት። የአባ ገብረ ሚካኤል ዕለት የክርክር ማታ ይሁን፤ የሚቃወመን ሁሉ ይጋበዝ፤ ተራማጁ ወንድማችን በመጀመሪያ። የአቡነ ያዕቆብን ቀን ከሰሜን ለመጡት እንተወው፤ እነሱ የሚሉትን እኛ እንስማ። ቀኖቹ ከፈተና ጋር ከተጋጩ ደግሞ ይጋጩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ለነገሥታቱ ፕሮግራም አልተመቹም ነበር።

ለገና ደግሞ በቁምስናው የድኾች ምሳ አለ። እስከ አሁን ሥራው ሁሉ በእኅቶች ላይ ነበር። ዘንድሮ ከዋዜማው ጀምሮ ወጥ ቤት ገብተን ሽንኩርት የምንልጥ፣ እንጨት የምንፈልጥ፣ በማግሥቱም ድስት የምናጥብ ወንዶች ስማችንን አስመዝግበናል፤ እስከዚህች ሰዓት ስድስት ነን። ሐሳቡን በእጅ ማውጣት የደገፉት አርባ ያህል እጆች ነበሩ። ቢላዋ አለ፤ እጅ ነው የቸገረን። መዝገቡ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተሰቅሏል።